ድርጅታችን ሊፈርስ ነው፣ ያልተከፈለን ደመወዝስ?

ስቶር_9፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የፈርኒቸር ፋብሪካ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዝ ካየን አራት ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት ስንገባ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል ስላቃተው የመክሰር ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቧል ይላል። ከዚያ በፊት የባንክ ሰዎች መጥተው ማሽኖቹን ቆጥረው ሄደዋል፣ ቁጥራቸውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ባለቤቱ «ታገሱ፣ አንድም ብር አይቀርባችሁም» ይለናል። ባንኩ ሁሉንም ከሸጠው ለእኛ ምን ሊተርፍ ነው? የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፎብኛል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የችሎት_ሰው፦
እህቴ፣ አትታገሺ። ደመወዝ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው አልፎ መብቱ ይቀራል። አንቺ አራቱን ጨርሰሻል።

ደግሞ ያለሽ ደመወዝ ብቻ አይደለም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ድርጅት ከስሮ ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያ አለሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለ9 ዓመት 110 ቀን ይመጣል። በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ 60 ቀን ይጨመርበታል፣ ስለዚህ የ170 ቀን ክፍያ ነው፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። አዋጁ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው ይላል።

የመክሰር ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ከስሶ ማስፈጸም ይቆማል። ጥያቄያችሁን የምታቀርቡት ፍርድ ቤቱ ለሚሾመው አጣሪ፣ ማለትም የድርጅቱን ንብረት ሰብስቦ ለገንዘብ ጠያቂዎች ለሚያከፋፍለው ሰው ነው። ስማችሁን፣ የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ በጋራ ሂዱ። የጡረታውንም አጣሩ፤ ከእናንተ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከአሠሪው 11 ተጨምሮ መግባት ነበረበት። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ድርጅት ይህንንም ሳያስገባ ሊቆይ ይችላል።

ካውንተር_3፦
ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። በአዋጅ 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ አጣሪው ሲመጣ ትልቁ ንብረት ሄዶ ሊጠብቀው ይችላል። አንቺ ግን ሌላ ማንም የሌለው መረጃ እጅሽ ላይ አለ። በመያዣ ውሉ ላይ ያልሰፈረው ምንድን ነው? ያልተሠራው ጣውላ፣ ያለቀው ዕቃ፣ ደንበኞች ያልከፈሉት ቀሪ ሂሳብ። ቢን ካርዶቹን (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸውን) ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ። ማታ በአይሱዙ ተጭኖ የሚወጣ ዕቃ ካለ ቀኑንና ታርጋውን ጻፊ፤ ድርጅቱ መክፈል ካቆመ በኋላ ለዘመድ የተላለፈ ንብረት በፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል።

ጣውላ_ነጋዴ፦
እኔ ከሌላ ድርጅት ነው የተነካሁት። ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) በዱቤ ሰጠሁ፣ ሰውየው በየሳምንቱ እየደወለ «ወንድሜ ያንተን መቼም አልረሳም» ሲለኝ አምኜው አጣሪው ጋ ሳልመዘገብ ቀረሁ፣ ስሄድ ገንዘቡ ተከፋፍሏል። የሰውየው የግል ቤት ግን እስካሁን አለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ስለሆነ የድርጅቱ ዕዳ እሱ ቤት አይደርስም ተባልኩ። ዋስ ሆኖ የፈረመበት ዕዳ ካለ፣ ወይም የድርጅቱን ገንዘብ እንደ ግል ኪሱ ሲያዝበት ከነበረ ሌላ ነው፤ እሱን ጠይቁ።

ስቶር_9፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ካርዶቹን አነሳሁ፣ 31 ሰው ፈርሟል፣ ነገ ልደታ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ስቶር ውስጥ ያለቁ 14 ሶፋዎች አሉ፣ የስድስቱን ደንበኞች ቀብድ ከፍለዋል። የእነሱ ነው ወይስ ይሸጣል?

የችሎት_ሰው፦
ካልተረከቡት ገና የድርጅቱ ንብረት ነው። እነሱም ለቀብዱ ገንዘብ ጠያቂ ሆነው ይመዘገባሉ። ስልካቸው ካለሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ሳያውቁት የመመዝገቢያው ቀን እንዳያልፍባቸው።