የስልጠና ጽሑፎቻችን በምን ይጻፉ? (የዕቅድ ውይይት)

ፀሐፊው፦ ረቂቁ ይሄ ነው። ከአሁን በኋላ የማህበሩ የስልጠና ጽሑፍ ሁሉ በማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ ላይ እንደ ኮከብ ባሉ ምልክቶች ቅርጽ በሚሰጥበት አጻጻፍ) ብቻ ይጻፍ። አንዱ በወርድ፣ አንዱ በኤችቲኤምኤል እየላከ የማሳተሚያው ብር ማስተካከያ ላይ አለቀ። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ።

የፒያሳው፦ አልስማማም። «ፋይል» የሚለውን ከነጥቅሱ በሁለት ሁለት ኮከብ ከብባችሁ «ን» ለጥፉበትና ሞክሩት። ቦልድ (ደማቅ ፊደል) አይሆንም፣ ኮከቦቹ እንዳሉ ቁጭ ይላሉ።

የካዛንቺሷ፦ ለአንዲት «ን» ብለህ ረቂቁን ልትጥል?

የፒያሳው፦ አማርኛ ያለ «ን» እና ያለ «የ» የት ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኮመንማርክ የሚባለው የማርክዳውን ደንብ ከመዝጊያው ኮከብ በፊት ሥርዓተ ነጥብ፣ ከኋላው ደግሞ ፊደል ከመጣ አይዘጋም። እንግሊዝኛ ከጥቅሱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ስላለው ብዙም አይነካውም፣ እኛን ግን በየገጹ ነው የሚያገኘን። አስኪዶክ የሚባለው ሌላ አጻጻፍ ይሻላል፣ ሁለት ኮከብ ቃል መሀልም ይሠራል።

የአራት ኪሎው፦ ኮከቦቹን ጥቅሱ ውስጥ አስገባቸው፣ አለቀ። ናሙናውን እኔ ሠርቼ ነገ አመጣለሁ።

የፒያሳው፦ ጀማሪ ሰልጣኝ ይህን በምን ያውቃል?

የካዛንቺሷ፦ አስኪዶክን ከመካከላችን ማን ይችላል? የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ሰነዶች የሚጻፉበት ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባለውማ ይብሳል፣ ያለ ጥቅስ እንኳ «ን» ስትለጥፍበት እምቢ ይላል። ባለፈውም መመሪያ እጽፋለሁ ብለህ ጀምረህ ጠፋህ።

የፒያሳው፦ አልጠፋሁም! የጻፍኩትን ማን አነበበው? አንድ ሰው አስተያየት ሰጠኝ?

ገንዘብ ያዡ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው ፒዲኤፍ ነው። ኮከቡ ለሱ ምኑም አይደለም።

የካዛንቺሷ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ይቅርታ ወንድሜ፣ መመሪያህን ዛሬ አነበዋለሁ።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ምንም አይደል። ግን ተራ ቁጥሩንም እዩልኝ። በ፩ እና በ፪ ከጻፍን ማርክዳውን እንደ ዝርዝር አይቆጥረውም፣ 1 እና 2 ነው የሚያውቀው።

የካዛንቺሷ፦ እንግዲያው ቦልድም ዝርዝርም ይቅር፣ በተራ አንቀጽ እንጻፍ። ፊደልና ነጠብጣቡን የሚያስተካክል አንድ አርታኢ ይቀጠር።

ገንዘብ ያዡ፦ ከየትኛው ሂሳብ?

ፀሐፊው፦ የአራት ኪሎው፣ ናሙናው የታለ? ሦስት ቀን ሆነህ እኮ።

ፀሐፊው፦ ረቂቁን ቀይሬዋለሁ። ማርክዳውን «የሚመከር» ሆኗል። ዋናው ጥያቄ አሁን የአርታኢው ክፍያ ነው። ጋሼ፣ ከስብሰባው በፊት ሂሳቡን ይላኩልኝ።