ያገለገለ የቤተሰብ ጀልባ ለፖቶማክ እና ለሌክ አና፦ ባውራይደር ወይስ ፖንቱን?

የወድብሪጁ
ሰላም ለሁላችሁም። ቨርጂኒያ ወድብሪጅ ነው የምንኖረው። ለቤተሰብ መዝናኛ ያገለገለ ጀልባ ልንገዛ አስበናል፤ በጀታችን ትሬለሩን (ጀልባው የሚጫንበትን ተጎታች) ጨምሮ እስከ 20 ሺህ ዶላር ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች፣ በዚያ ላይ 72 ዓመት የሆናቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ አሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ሌላ ቤተሰብም ይጨመራል። ልጆቹ ቲዩብ (በአየር የተነፋ ላስቲክ) ላይ ሆነው በጀልባ መጎተት ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሊሲልቬኒያ ፓርክ ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ አልፎ አልፎ ሌክ አና ሐይቅ ላይ እንሆናለን። መጎተቻ መኪናችን 2018 ቶዮታ ሃይላንደር ቪ6 ነው፤ ሲዬና ሚኒቫንም አለን።

ሁለት ጀልባ አይተናል። አንደኛው 2007 ባለ 20 ጫማ ባውራይደር (ፊቱ ላይም መቀመጫ ያለው ሹል ሆድ ጀልባ)፣ መርክሩዘር 4.3 ቪ6፣ 310 ሰዓት የሠራ፣ 13,500 ዶላር። ሁለተኛው 2013 ባለ 22 ጫማ ፖንቱን (በአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ)፣ ባለ ሁለት ቱቦ፣ 90 የፈረስ ጉልበት ያማሃ አውትቦርድ (ከኋላ ውጭ የሚንጠለጠል ሞተር)፣ 18,900 ዶላር። ባውራይደሩ ያምራል፣ ዋጋውም ይሻላል። እናንተ የትኛውን ትላላችሁ? ሄደን ስናይስ ምኑን እንፈትሽ?

መልሕቅ
የጀልባውን ቅርጽ ከመምረጥህ በፊት ሞተሩ የት እንደተቀመጠ ተመልከት። በዚህ ዋጋ ላይ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው።

መርክሩዘሩ ስተርንድራይቭ ነው፦ ቪ6 ሞተሩ ጀልባው ውስጥ፣ ማርሹና ፕሮፔለሩ ከኋላ ውጭ። ሁለቱ የሚገናኙት ከውሃው ወለል በታች በተቆረጠ ቀዳዳ በኩል ነው፤ እዚያ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉት ቤሎስ የሚባሉ የተጨማደዱ ላስቲኮች ብቻ ናቸው። በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መቀየር አለባቸው። ሲቀደዱ ውሃው መጀመሪያ ጂምባል ቤሪንጉን (የማዞሪያው ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ) ያዝገዋል፤ ሞተሩ እየሠራ መሪውን ስታዞር የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። ቸል ከተባለ ጀልባው ወደቡ ላይ እንደታሰረ ሊሰምጥ ይችላል። ቤሎስ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ዋጋውን አስላ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብርድ ነው። ብዙዎቹ 4.3 ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ከወንዙ በሚስቡት ውሃ ነው። ውርጭ ሳይመጣ ብሎኩና ማኒፎልዱ (የጭስ መውጫ ቱቦው) ውስጥ የቀረው ውሃ ካልተንጠፈጠፈ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የሞተሩን ክዳን ከፍተህ የብሎኩን ሁለት ጎኖች በባትሪ መብራት እይ፦ ቀጥ ብሎ የወረደ የዝገት መስመር፣ በኢፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) የተለጠፈ ቦታ፣ ሌላው አርጅቶ ጎኑ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ተመለስ። የሞተር ዘይቱ ነጣ ያለና ድፍርስ ከሆነም እንዲሁ። ጀልባው ጨዋማ ውሃ ላይ የዋለ ከሆነ ደግሞ ማኒፎልዱና ከእሱ ላይ የሚገጠሙት ራይዘሮች ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ተበልተው ውሃ ወደ ሲሊንደር ያስገባሉ። ፖቶማክ ወድብሪጅ አካባቢ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ከመንገድ 301 ድልድይ ወደ ታች ግን ጨዋማነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ "ጀልባው የት ነበር?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አውትቦርድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው በራሱ ይፈሳል፣ ከውሃው ወለል በታች የተቆረጠ ቀዳዳም አያስፈልገውም። ሞተሩ ቢሞት በሌላ መተካት ይቻላል።

310 ሰዓት ለ2007 ጀልባ በጣም ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ደስ የሚል ቁጥር አይደለም። ሲሠራ ከኖረው ይልቅ ቆሞ የኖረው ሞተር ላስቲኩ ይደርቃል፣ ነዳጁ ይበላሻል፣ ፓምፑ ይጣበቃል። በዓመት 40 ወይም 50 ሰዓት እየሠራ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ዘይቱ የተቀየረለትን እመርጣለሁ።

ትንሿ ሞገድ
መልሕቅ ስለ ሞተሩ ያለው ልክ ነው። ነገር ግን "እንግዲያው ፖንቱኑ" ብሎ መደምደም አይቻልም። ፖቶማክ እዚያ ጋ ሰፊ ነው። ነፋስ ከባሕር በሚመጣው የውሃ መሙላት ወይም መጉደል (ታይድ) ጋር ሲጋጭ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሳል፤ በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሳይታሰብ ይመጣል። የባውራይደሩ ሹል ሆድ ሞገዱን ይቆርጠዋል። ባለ ሁለት ቱቦው ፖንቱን ግን ፊቱ ላይ ሰው ከተከመረበት አፍንጫውን ሞገዱ ውስጥ ይከተዋል፣ ውሃውም በወለሉ ላይ ያልፋል። ሰው ወደ ኋላ ይዞር፣ ፍጥነት ይቀነስ፤ ከ15 ኖት በላይ ነፋስ ሲተነበይ ደግሞ ጭራሽ አትውጡ። ለፖቶማክ ብቻ ከሆነ ባለ ሦስት ቱቦ ወይም አውትቦርድ የተገጠመለት ዴክ ቦት (ሰፊ ወለል ያለው ጀልባ) ብትፈልጉ ይሻላል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ለእናትዎ ሲባል ፖንቱኑ ያሸንፋል። ወለሉ ከወደቡ ጋር እኩል ስለሆነ በሩን ከፍተው ይገባሉ። ባውራይደር ላይ የጎኑን ግድግዳ ተሻግረው መቀመጫ ረግጠው መውረድ አለባቸው፤ ጉልበት ለሚያም ሰው ይህ ከባድ ነው። አጥሩም ለ4 ዓመቱ ልጅ ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጀልባው እየሄደ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ፊት ለፊት እግሩን አንጠልጥሎ አይቀመጥ። ከዚያ የወደቀ በቱቦዎቹ መካከል አልፎ በቀጥታ ወደ ፕሮፔለሩ ነው የሚሄደው።

ስለ ቲዩቡ፦ 90 ፈረስ ስድስት ሰው ጭኖ ፈጣን አይሆንም፤ ለትንንሽ ልጆች ግን በሰዓት ከ10 እስከ 15 ማይል ከበቂ በላይ ነው። ፖቶማክ የሜሪላንድ ውሃ ነው፣ ድንበሩ በቨርጂኒያ በኩል ባለው የውሃ ዳር ላይ ያልፋል። በሜሪላንድ ሕግ የሚጎተተውን የሚያይ ከሾፌሩ ሌላ ቢያንስ የ12 ዓመት ሰው ያስፈልጋል፤ የ11 ዓመቷ ወይም የ11 ዓመቱ ገና ነው ማለት ነው።

ጎታች
ማንም ስለ ክብደት አላነሳም። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ክብደት ባዶ ጀልባ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፖንቱን ቁጥር ሞተሩንም አይጨምርም። እንዲህ ደምሩ፦ ባለ 22 ጫማ ባለ ሁለት ቱቦ 2,000 ፓውንድ ገደማ፣ 90 ፈረስ አውትቦርድ 350 ገደማ፣ ትሬለር 1,000 ገደማ፣ 25 ጋሎን ነዳጅ 150 (ጋሎኑ 6 ፓውንድ ያህል ነው)፣ ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ገመድና የምግብ ሳጥን 300። ድምሩ 3,800 አካባቢ ይመጣል። ባለ 20 ጫማው ባውራይደር ከነትሬለሩ ብዙ ጊዜ ከ4,000 ይበልጣል።

ሲዬና የሚጎትተው 3,500 ስለሆነ ከጨዋታው ውጭ ነው። 2018 ሃይላንደር ቪ6 የፋብሪካ የመጎተቻ ዝግጅት ካለው 5,000 ይጎትታል፤ መጎተቻው በኋላ ጋራዥ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። ባለ ሦስት ቱቦና 150 ፈረስ ከመረጣችሁ ግን ድምሩ ወደ 5,000 ይጠጋል፣ ያኔ ሌላ መኪና ያስፈልጋል።

ትሬለሩን ሳይፈትሹ ጀልባውን ማድነቅ የተለመደ ስህተት ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ከ6 ዓመት በላይ ከሆነ ይቀየራል። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ ከጮኸ ወይም ከተወላገደ ቤሪንግ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ትሬለር ፍሬን ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ የፍሬን ዘይቱንና ቧንቧውን እዩ።

መልሕቅ
ጎታች ያለው ላይ የፖንቱኑን ፍተሻ ልጨምር። ቱቦዎቹን ከታች ተኝታችሁ እዩ፦ መጋጠሚያ ብረቶቹ ቱቦው ላይ የተበየዱበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ውሃ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል ያለው ቱቦ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ወለሉ ፕላይውድ ስለሆነ በበሮቹና በዳር ዳሩ በተረከዝ ረግጣችሁ ሞክሩ፤ ከለሰለሰ በስብሷል፣ እሱን ለመቀየር ወንበርና አጥር ሁሉ መነሳት አለበት። የወንበሮቹን ስፌት አትናቁ፣ ሙሉ መቀመጫ መቀየር ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከውሃ በታች የተቀባው ቀለም መዳብ ያለበት ከሆነ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። አኖዱ (ጀልባው እንዳይበላ ራሱ የሚበላው ብረት) ደግሞ እንደ ውሃው ይለያያል፦ ማግኒዥየም ጨው ለሌለው ውሃ ብቻ፣ አሉሚኒየም ጨው ለተቀላቀለበት ይሆናል።

ሞተሩ ላይ ሦስት ነገር። ኮምፕረሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) በሁሉም ሲሊንደር ይለካ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት አፍስሱ፤ ከነጣ ውሃ የሚከለክለው ላስቲክ አልቋል፣ የዘይት ማፍሰሻው ክዳን ጫፍ ላይ የብረት ስንጥር ካለ ደግሞ ችግሩ ማርሹ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚፈልቀው ውሃ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከደከመ ብዙ ጊዜ የፓምፑ ኢምፔለር (ውሃ የሚገፋው የላስቲክ ክንፍ) ነው፣ እሱ ርካሽ ነው።

ባውራይደሩን ካልተዋችሁት ግን፣ ትራንሰም የሚባለውን የኋላ ግድግዳ በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ግን ከፋይበሩ ሥር ያለው እንጨት ረጥቧል ማለት ነው።

ወረቀት አዋቂ
ቨርጂኒያ ውስጥ ጀልባ የሚመዘገበው በዲኤምቪ (የመኪና መመዝገቢያ መሥሪያ ቤት) ሳይሆን በዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት (ዲደብሊውአር) ነው። ትሬለሩ ግን ዲኤምቪ ነው። ስለዚህ ሁለት ታይትል (የባለቤትነት ማረጋገጫ) ተቀበሉ፤ ትሬለሩ የተረሳባቸው ሻጮች ብዙ ናቸው። ከጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል የተቀረጸው ባለ 12 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ከታይትሉ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። የባንክ ዕዳ ካለበት ከባንኩ የተጻፈ መልቀቂያ ሳይይዙ ገንዘብ አይስጡ።

ቨርጂኒያ 10 ፈረስና ከዚያ በላይ ለሚነዳ ሁሉ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ትጠይቃለች፤ ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ ለተወለዱት። አንድ ኮርስ ለሁለቱም ይሆናል። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ውሰዱት፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይመልሳል።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው፣ በተጨማሪም የሚወረወር አንድ። ልጆቹ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ሁልጊዜ ለብሰው ይሁኑ። መጠኑ በዕድሜ አይለካም፦ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አንድ፣ ከ50 እስከ 90 ሌላ። ለ4 ዓመቱ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይግዙ። የእሳት ማጥፊያው ሊሞላ የማይችል ዓይነት ከሆነ ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው አይቆጠርም።

የወድብሪጁ
በጣም አመሰግናለሁ፣ ወደ ፖንቱኑ አዘንብለናል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሻጩ "ለብርዱ ተዘጋጅቷል፣ አሁን ውሃ ላይ ማስገባት አይቻልም" ብሎ 1,000 ዶላር ቀብድ ጠየቀ። ሌላው፣ እናቴ ቡና ካላፈሉ አይወጡም። ጀልባው ላይ ከሰል ይቻላል?

መልሕቅ
ቀብዱን የምትሰጠው በጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው። "የጀልባ መርማሪ (ሰርቬየር) አይቶት ውሃ ላይ ተሞክሮ ገዢው ካልተስማማ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል" የሚል ዓረፍተ ነገርና የፀደይ ቀን ይኑርበት። ሻጩ ይህን ካልፈረመ፣ ለእንደገና ማዘጋጀቱ አንተ ከፍለህ አሁኑኑ ውሃ ላይ ይውጣ በለው፤ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሰርቬየሩ የሳምስ ወይም የናምስ (የመርማሪዎች ማኅበራት) አባል ይሁን፣ ክፍያው በጀልባው ርዝመት ነው። በሙከራው ቀን ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ድረሱ፤ ቀድሞ የተሞቀ ሞተር የማስነሳት ችግሩን ይደብቃል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አምራቹ ያስቀመጠው የዙር መጠን ላይ መድረሱን እዩ። ካልደረሰ ወይ ፕሮፔለሩ ልክ አይደለም፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል።

ትንሿ ሞገድ
ከሰል በፍጹም አይሆንም፤ ጀልባው ላይ የነዳጅ ታንክ አለ፣ ጢሱም በጣራው ሥር ይከማቻል። ቡናው ቤት ተፈልቶ በቴርሞስ ይምጣ፣ ወይ ሊሲልቬኒያ ፓርክ ምድጃ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ይፈላ። ሌክ አና ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ ስለ አልጌ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ካለ እዩ፤ በአንዳንድ በጋ የሐይቁ ላይኛው ክፍል ለመዋኛ አይመከርም። ልጆቹ ከመሰላሉ ሲወርዱና ሲወጡ ሞተሩ ጭራሽ ይጥፋ፣ ፕሮፔለሩ ብቻ አይደለም፣ የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኋላ ይከማቻል።