የኋላ አሞርዛተሮችን ለመቀየር፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እዚህ ይጻፍ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው የማኅበሩን አራት ስኖውሞቢሎች (የበረዶ ላይ ሞተሮች) የኋላ አሞርዛተር ስለመቀየር አንድ የጋራ ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን። መነሻ እንዲሆን አንድ መስመር ጽፌያለሁ፦ «ለአራቱም ማሽኖች አዲስና ጥሩ አሞርዛተር ይገዛ።» በሉ እንግዲህ ቀዳዱት።

የጥገና ኃላፊ፦ እሺ፣ ከ«ጥሩ» ልጀምር። ሁለቱ ማሽኖች ተጎታች ይስባሉ፤ ከኋላም ዕቃ ይጫንባቸዋል። ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይዘው መንገድ ለማየት የሚወጡ ናቸው። ለጭነት የሚመች አሞርዛተር ለብቸኛ ነጂ እንደ ድንጋይ ነው። ለብቸኛ ነጂ የሚመቸው ደግሞ በጭነት ጊዜ ቁጭ ይላል።

ሌላም አለ። ቅሬታው ሁሉ «ወገባችን አለቀ» የሚል ነው። ወገብ የሚጨርሰው ግን ሁልጊዜ አሞርዛተር አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው (ጥቅልል ብረቱ) ነው። የአሞርዛተሩ ሥራ ሞላው ሲጨመቅና ሲመለስ ፍጥነቱን መግታት ነው። የላላ ሞላ ይዘን ውድ አሞርዛተር ብንገዛ ማሽኑ ያው መሬት እየመታ ይሄዳል። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ «ከግዢ በፊት ይለካ» የሚል ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ምኑ ነው የሚለካው? እኔም ገብቶኝ ለሌላው እንዳስረዳ ቀለል አድርገህ ንገረን።

የጥገና ኃላፊ፦ የማሽኑን ኋላ እግሩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ታነሺውና ከመሬት እስከ ኋላ መከላከያው ትለኪያለሽ። ቀጥሎ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የተለመደው ጭነት ተጭኖ ይቀመጣል። ትንሽ ያወዛውዘዋል፤ ከዚያ ድጋሚ ትለኪያለሽ። ልዩነቱ ማሽኑ በክብደት ምን ያህል እንደሚወርድ ይነግርሻል። ያንን ከማሽኑ መመሪያ ጋር እናስተያየዋለን። በጣም ከወረደና ሞላውን ማጥበቅ ካልመለሰው፣ የሚያስፈልገን ጠንካራ ሞላ ነው።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ሞኝ ሊሆን ይችላል። «የኋላ አሞርዛተሮች» የምትሉት በአንድ ማሽን ስንት ነው? እኔ አንድ መስሎኝ ነበር።

የጥገና ኃላፊ፦ ሞኝ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኛ ጋ ባሉት ማሽኖች ሁለት ነው። ሁለቱም ማሽኑን ከኋላ በሚገፋው የላስቲክ ሰንሰለት ውስጥ፣ ሐዲዶቹ መካከል ተደብቀዋል። የኋለኛው ክንድ ላይ ያለው ትልቁን ድርሻ ይሸከማል፤ ጉድጓድ ስትመታ የምትሰማው እሱን ነው። የፊተኛው ክንድ ላይ ያለው ደግሞ ከመሪው ጋር ይገናኛል። ነዳጅ ስትሰጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይሄኛው በጣም ከጠነከረ የፊት ስኪዎቹ (መንሸራተቻዎቹ) ይቀልሉና ማሽኑ አልታጠፍም ይልሃል። ስለዚህ የኋለኛውን ብቻ ቀይሮ የፊተኛውን ያረጀ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

የጉዞ አስተባባሪ፦ እኔ የአየር ይሁን ነው የምለው። የብረት ሞላ የለውም፣ ቀላል ነው፣ በትንሽ የእጅ ፓምፕ ለጭነትም ለባዶም ታስተካክለዋለህ። የሁለቱን ዓይነት ማሽን ችግር በአንድ ምት ይፈታል።

የነፍስ አድን ተጠሪ፦ ወንድሜ፣ እኔ አየር የያዘ ነድቼ ተምሬያለሁ። ሙቅ ጋራዥ ውስጥ አስተካክዬ ወጣሁ፤ ውጭ ትንሽ እንደቆየ ማሽኑ ቁጭ አለ። አሞርዛተሩ የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ቀን ተሳደብኩ። ለካ ምንም አልሆነም፣ አየሩ ቀዝቅዞ ነው።

የጥገና ኃላፊ፦ ልክ ነው፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 100 ፒኤስአይ ቢያሳይ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ወደ 80 ገደማ ይወርዳል። ምንም ሳያፈስ ማለት ነው። አንድ ሰው በግሉ የሚነዳው ማሽን ቢሆን ችግር የለም፤ ውጭ አቀዝቅዞ ያስተካክለዋል። የኛን ግን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ነው የሚነዳው። ፓምፑ ራሱ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ? (ባለፈው ክረምት የጠፋው ጌጅ እስካሁን አልተገኘም።)

የጉዞ አስተባባሪ፦ ጌጁን እኔ አልወሰድኩም! እሺ፣ አየሩን ተውኩት። ግን ለጭነቶቹ ቢያንስ የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ ያለው ይሁን።

አዲስ አባል፦ እሱ ደግሞ ምን ይጠቅማል?

የጥገና ኃላፊ፦ አሞርዛተር የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይራል። በበረዶ መሃል ይሞቃል ሲባል ሰው ይስቃል፣ ግን ይሞቃል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት ሲነዳ ዘይቱ ይቀጥናል፤ መግታቱም ይደክማል። ርካሾቹ ላይ ጋዝና ዘይት አንድ ላይ ስለሆኑ ይባስ ብሎ አረፋ ይሆናል። ፒስተኑ አረፋ ውስጥ ሲያልፍ የሚይዘው ነገር የለም። ሻል ያሉት ጋዙን ከዘይቱ የሚለይ ተንሳፋፊ ፒስተን ውስጣቸው አለ። ጋዙም ናይትሮጅን ነው፤ ደረቅ ስለሆነ እርጥበት አያስገባም። ተጨማሪ ማጠራቀሚያ ያለው ብዙ ዘይት ስለሚይዝ ቶሎ አይሞቅም።

የኛ ተጎታቾች ግን በዝግታ ነው የሚሄዱት። ጭነቱን የሚፈታው ሞላ ነው እንጂ ማጠራቀሚያ አይደለም። ማጠራቀሚያው የሚያስፈልገው በፍጥነት ጉብታ ለሚቀጠቅጥ ነው። ይኸውም፣ ስም ሳልጠራ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 😄 ወደ ገንዘቡ ልመልሳችሁ። ያሉትን መጠገን አይቻልም?

የጥገና ኃላፊ፦ የሁለቱ የጭነት ማሽኖች ይቻላል። ክዳናቸው በጥርስ የሚፈታ ነው፤ ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ)፣ ዘይቱና ናይትሮጅኑ ይታደሳል። ዘንጉ ላይ ጭረት ካለ ግን ዘንጉም መቀየር አለበት፤ አለዚያ አዲሱን ሲል ይበላዋል። በረዶ ዘንጉ ላይ ሲጋገር ሲሉን የሚቀደው እንዲሁ ነው። የሌሎቹ ሁለት ግን ፋብሪካው ጨፍልቆ ዘግቷቸዋል፤ አይከፈቱም፣ የሚጣሉ ናቸው። አደራ፣ ማንም ሰው በራሱ ቺያቤ ይዞ እንዳይነካቸው። ውስጣቸው ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ነው፤ መጀመሪያ መተንፈስ አለበት።

ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ ማሽን ሲገዛ አሮጌ ነበር። የኋላ እግሩ የራሱ መሆኑን ማን ያውቃል? በሞዴል ስሙ አዝዘን የማይገባ ዕቃ ቢመጣስ?

የጥገና ኃላፊ፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፤ እሱን ረስቼው ነበር። ቀዩን ፈትተን እንለካዋለን፦ ከዓይን እስከ ዓይን (ቡሎን የሚገባባቸው የጫፍ ቀለበቶች) ተዘርግቶ፣ ተጨምቆ፣ የዓይኖቹን ስፋትና የቡሎኑን ቀዳዳ ውፍረት። ርዝመቱ ተመሳስሎ ምቱ (ዘንጉ ገብቶ የሚወጣበት ርቀት) ካጠረ ከሁሉ የከፋው ነው። ላስቲክ ማቆሚያው ሥራውን ሳይጀምር አሞርዛተሩ ራሱ ጫፍ ይነካና ግጭቱን ብቻውን ይቀበላል። ዓይኑ የሚሰበረው እንዲህ ነው።

ጸሐፊ፦ በቃ፣ ያላችሁትን ሰብስቤ ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት፦

«ከማንኛውም ግዢ በፊት አራቱም ማሽኖች ከነነጂያቸውና ከነጭነታቸው ይለኩ፤ ቀዩ ማሽን ተፈትቶ የአሞርዛተሮቹ መጠን ይመዝገብ። ለሁለቱ የጭነት ማሽኖች ልኬቱ የሚፈቅደው ጠንካራ ሞላ ይገዛ፤ ያሏቸው አሞርዛተሮች በባለሙያ ይታደሱ። ለቀሪዎቹ ሁለት፣ የማይከፈቱት ተጥለው የፊተኛውም የኋለኛውም በአዲስ ይተካ። አዲሶቹ ጋዝና ዘይቱ የተለየ፣ የሚታደሱ፣ ከተቻለም ለሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ መለዋወጫው እንዲጋራ።»

የነፍስ አድን ተጠሪ፦ እስማማለሁ። «ከበረዶው ወቅት በፊት አንድ ማሽን ተጠናቅቆ ይሞከር፤ ቀሪዎቹ ከዚያ በኋላ» የሚል ይጨመር። አራቱንም አንድ ጊዜ ፈትተን ጥሪ ቢመጣ በእግር ልንሄድ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ለኔም ይመቸኛል፤ ክፍያውም በሁለት ይከፈላል። የቡሎንና የቡሽ (በዓይኑ ውስጥ የሚገባው ቀለበት) መቀየሪያ የሚል መስመርም አስገቡልኝ፤ ሁልጊዜ ተረስቶ በኋላ ነው የምትጠይቁኝ።

ጸሐፊ፦ ሁለቱም ገብተዋል። ጋሼ፣ ይፈርሙበት?

ሰብሳቢ፦ ልኬቱ ይምጣና እፈርማለሁ። መቼ ነው?

የጥገና ኃላፊ፦ ቅዳሜ ጠዋት። ነጂዎች ሙሉ የክረምት ልብሳችሁን ከነቦቲና ከነሄልሜቱ ለብሳችሁ ኑ፤ ጋራዡ ውስጥ ይሞቃችኋል፣ ምንም ማድረግ አልችልም። ሜትር እኔ አመጣለሁ። ፓምፑን የወሰደው ሰውም ይዞት ይምጣ።