ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣችን ይጠገን ወይስ ይለወጥ?
በዳላስ፣ ቴክሳስ የምትኖሩ የአየር ማቀዝቀዣ ባለሙያዎች ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በአር-410ኤ ጋዝ የሚሠራው ባለ 3 ቶን (ቶን እዚህ ክብደት ሳይሆን የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ማዕከላዊ ማቀዝቀዣችን፣ ማጣሪያው ተቀይሮና የውጭው ክፍል ታጥቦም እንኳ፣ ከሰዓት በኋላ የውስጡ መጠምጠሚያ (ጋዙ የሚያልፍበትና አየሩን የሚያቀዘቅዘው የተጠማዘዘ ቱቦ) በረዶ እየሠራ የሚነፍሰው አየር ይዳከማል። አንዱ ሠራተኛ ጋዝ ይሞላ አለኝ፤ ዝግ በሆነ ቱቦ የሚዞር ጋዝ ካልሾለከ ስለማይጎድል፣ ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላቱ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ የቤቱን ስፋትም ሆነ የጣሪያውን የሙቀት መከላከያ ሳይለካ ባለ 4 ቶን ይተከል ይላል፤ ከልክ ያለፈ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እርጥበቱን በቅጡ አያወጣም እንጂ፣ ሐሳቡን ባልጠላሁት ነበር። ከ2025 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚመረቱት አዳዲስ ማሽኖች አር-454ቢን ወይም አር-32ን የመሳሰሉ ጋዞች የሚጠቀሙ በመሆናቸው፣ ከለወጥሁ የውስጡንም የውጭውንም መለወጥ ግድ ይሆንብኛል። ለመሆኑ መጠምጠሚያው ብቻ የሾለከ እንደሆነ እርሱን ቀይሮ ጥቂት ዓመታት መቆየት ያዋጣል? የቤቱን የማቀዝቀዣ ፍላጎት በስሌት የሚያሳይ ጽሑፍ ከተቋራጩ መጠየቅስ የተለመደ ነው?