የ15 ዓመት ልጄን ለክረምት የቋንቋ ትምህርት ውጪ ልላካት ወይስ ይቅር?

እናት ከቦሳ፦

ሰላም ናችሁ ጅማዎች፣ እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረችው፣ ሁሌም ደረጃ ነበር የምትወጣው፣ 9ኛ ስትገባ ግን ባዮሎጂው ፊዚክሱ ጂኦግራፊው ሁሉም ባንዴ እንግሊዝኛ ሆነባት። አሁን አንድ ገጽ ለማንበብ ዲክሽነሪ ይዛ ታመሻለች፣ ክፍል ውስጥም መልሱን እያወቀችው እጇን አታወጣም፣ እንግሊዝኛው ይበላሽብኛል ብላ። ሳያት ያመኛል።

በቀደም ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ኤጀንት ወላጆችን ሆቴል ሰብስቦ ስለ ክረምት የቋንቋ ትምህርት አስረዳን። እንግሊዝ ወይ ማልታ ለሦስት ሳምንት፣ ጠዋት ትምህርት ከሰዓት ስፖርትና ጉብኝት፣ ማደሪያውም ምግቡም ያለበት፣ ልጃችሁ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትመለሳለች ነው ያለን። አባቷ ቡና ንግድ ላይ ነው ያለው፣ ጨክነን ከተነሳን እንችላለን፣ ግን ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ በውጪ ገንዘብ የሚከፈል ነገር ሁሉ ከእጥፍ በላይ ሆኗል እኮ። ሰውየው ደግሞ ቪዛው ሳይወጣ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ለመሆኑ ይሄ ነገር ይሰራል ወይ? ሴት ልጅ ብቻዋንስ እንዴት ነው? ልጁን የላከ ወይ ራሱ የሄደ ካለ ንገሩኝ አላህ ይስጣችሁ።

መምህር ፈረንጅ አራዳ፦

እህቴ ሰላም ላንቺ። እኔ የሀይስኩል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች በየዓመቱ መስከረም ላይ ነው የሚመጡልኝ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ከልቤ ነው።

መጀመሪያ የሰዓቱን ሂሳብ እንስራው። የእነዚህ የክረምት ኮርሶች ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 15 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በሦስት ሳምንት 45 ሰዓት ማለት ነው። የካምብሪጅን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል ነው የሚሉት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመሸጋገር ብቻ 150 ሰዓት እና ከዚያ በላይ ነው እንግዲህ። ከሰዓት በኋላ ከልጆች ጋር የምታወራውን ብንጨምርላት እንኳን በሦስት ሳምንት አቀላጥፋ ትመለሳለች የሚለው ውሸት ነው፣ እኔ በዚህ አላለሳልስም። እዚሁ ቤቷ በቀን አንድ ሰዓት በደንብ ብትሰራ በ5 ወር 150 ሰዓት ይሞላል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ያንቺ ልጅ የከበዳት የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው እንጂ የወሬ እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ጂም ከሚንስ የሚባል ካናዳ ያለ ምሁር እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሳየው ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ሀገር ሄደው በአዲስ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች የየቀኑን ንግግር በሁለት ዓመት አካባቢ ይይዙታል፣ የትምህርቱን ቋንቋ ግን ከእኩዮቻቸው እኩል ለመድረስ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። እዚያው እየኖሩ ማለቴ ነው። የክረምቱ ካምፕ ምግብ ማዘዝ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ስለ ራስ ማውራት ያስተምራታል፣ የፎቶሲንተሲስን ምዕራፍ አያነብላትም። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እወቂልኝ፣ በአፋን ኦሮሞ የተማረችው ሳይንስ አልጠፋም፣ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ፣ ያንን በደንብ ስላወቀች ነው እንግሊዝኛው ሲመጣ ቶሎ የሚገባት፣ እንዳትቆጪያት።

ካምፑ ምን ይሰጣል ካልሽኝ ድፍረት። እጇን የማታወጣዋ ልጅ ከሌላ ሀገር ልጅ ጋር እየተሳሳተች ተግባብታ ስትመለስ ፍርሃቷ ይቀንሳል፣ ይሄ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ለድፍረቱ ስትይ ነው ያን ያህል የምትከፍዪው፣ ለባዮሎጂው ብለሽ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ።

የጊቢው ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም እናቴ። እኔ አሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ሀይስኩል አዲስ አበባ ስማር ጀርመንኛ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነበር። ጀርመኖች ፓሽ የሚሉት ፕሮግራም አላቸው፣ እ.ኤ.አ በ2008 የተጀመረ፣ በየሀገሩ ጀርመንኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ያገናኛል፣ የተመረጡ ተማሪዎችንም ወጪያቸውን ችሎ ክረምት ላይ ጀርመን ይወስዳል፣ እኔም በዚያ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን እዚያ ስለሚሆነው ነው የምነግርዎት።

ዋናው ነገር ከማን ጋር ትኖራለች የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ የነበርኩበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከየሀገሩ የመጡ ነበሩ፣ አብሮኝ የሚያድረው ልጅ አማርኛም እንግሊዝኛም አይችልም፣ እኔ የሱን አልችልም፣ ስለዚህ ሳሙና ለመዋስ እንኳን ጀርመንኛ ግድ ነው። ያ ነው የጠቀመኝ፣ ክፍሉ ሳይሆን መኝታ ቤቱና የምግብ ሰልፉ። በሌላ በኩል ከአንድ ሀገር ብዙ ሆነው የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚያወሩት፣ ምንም ሳይለወጡ ሄዱ። ኤጀንቱ ከጅማ ብዙ ልጅ ባንዴ እወስዳለሁ ካለ ይጠይቁት፣ አንድ ክፍል ነው የሚያስገባቸው? አንድ ማደሪያ? እንደዛ ከሆነ ልጅቷ አማርኛና ኦሮምኛ እያወራች ነው የምትመለሰው።

ሌላ ማንም የማይነግርዎት ነገር፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ቤት ይናፍቃል፣ ምግቡ አይወርድም። ሐላል ስጋ አለ ወይ ብለው አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ቀድመው ካወቁ ያዘጋጃሉ፣ ካልተነገራቸው ግን ልጅ ዝም ብሎ ዳቦ እየበላ ይሰነብታል፣ ልጅ ደግሞ ያፍራል አይናገርም። ሶላት ላይ ደግሞ በሐምሌ እዛ ፀሐይ የምትገባው በኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት አልፎ ነው፣ መግሪብ በዚያ ሰዓት ከሆነ ኢሻ ደግሞ ምን ያህል እንደሚመሽ ያስቡት፣ ማደሪያው ደግሞ የመኝታ ሰዓት ሕግ አለው። አይቻልም ማለቴ አይደለም፣ እኛም ተነጋግረን አመቻችተውልናል፣ ቀድማ ብታውቀው ነው የሚሻለው።

የአጂፑ፦

እህቴ እኔ አዲስ አበባ የቪዛ ዶክመንት የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ተወልጄ ያደኩት ግን እዚሁ ጅማ አጂፕ ሰፈር ነው፣ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ።

እንግሊዝ ከሆነ ከ6 ወር ላነሰ ኮርስ የሚጠየቀው የጎብኚ ቪዛ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን እውቅና ያለው መሆን አለበት። ከ6 እስከ 11 ወር ለሚሆን የእንግሊዝኛ ኮርስ ሌላ ቪዛ አለ፣ እሱ 16 ለሞላው ነው ስለዚህ ማንም ለ15 ዓመት ልጅ እሱን አወጣለሁ ቢልሽ አትስሚው። ከ18 በታች ስለሆነች የወላጅ የስምምነት ደብዳቤ፣ ማን እንደሚቀበላት፣ የት እንደምታድር፣ ማን እንደሚጠብቃት በጽሑፍ ይጠየቃል። ማልታ ከሆነ ሼንገን የሚባለው የአውሮፓ ሀገሮች የጋራ ቪዛ ነው፣ ከማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ቢበዛ፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ የቪዛው ክፍያ እ.ኤ.አ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ዕድሜው 12 ለሞላ በመደበኛው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። አሻራም ትሰጣለች። ማልታ ላይ እንግሊዝኛ ከማልታኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ ስለዚህ ሰውየው በዚህ አልዋሸም።

ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው፣ ኤጀንት አይደለም። እርግጠኛ ነኝ ቪዛው ይወጣል የሚል ሰው ካለ ከዚያ ሰው ራቂ። ገንዘብ ስትከፍዪ ቪዛ ካልወጣ ስንቱ ይመለሳል የሚል ውል በጽሑፍ ይኑርሽ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ደግሞ በባንክ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ። የትምህርት ቤቱን ስም ተቀብለሽ፣ እንግሊዝ ያለ ከሆነ ብሪቲሽ ካውንስል እውቅና ከሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው፣ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ኦሪጅናል የልደት ሰርተፊኬትና ፓስፖርት ለማንም ኤጀንት ሰጥተሽ እንዳታድሪ። ጅማ ላይ በደላላ ስንት ልጅ ወደ ዓረብ ሀገር ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ እናውቃለን፣ ትምህርት የሚል ስም ስለተለጠፈበት ጥንቃቄያችን መላላት የለበትም።

አንድ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ነገር ደግሞ ስም ነው። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዷ ላይ ስሟ በቁቤ፣ ማለት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፣ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ከአማርኛው ተገልብጦ በሌላ አጻጻፍ ይጻፋል፣ ለምሳሌ ኸድራ የሚል ስም በአንዱ እንዲህ በሌላው እንዲያ ይሆንና የአባት ስምም እንደዛው፣ ኤምባሲ ሲያየው የሁለት ሰው ወረቀት ይመስላል። ፓስፖርቱን ከማውጣትሽ በፊት የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ የእንግሊዝኛውን ፊደል አስተካክዪ፣ ከዚያ ሁሉም በዚያ ይሁን። ፓስፖርቱን ጅማ ቅርንጫፍ ማውጣት ይቻላል፣ ቪዛው ግን አዲስ አበባ አሻራ ስለሚፈልግ ራሷ መሄድ አለባት።

እናት ከቦሳ፦

ሁላችሁንም አላህ ይጠብቅልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም ነበር። ለኤጀንቱ ደውዬ የትምህርት ቤቱን ስም ብጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ነው የሚነገረው አለኝ፣ አባቷም ይሄን ሲሰማ በቃ ተዪው አለ። ልጅቷ ግን ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ አታወራኝም። አንድ ዘመዳችን ናይሮቢ ላኪያት ቪዛም የለው ርካሽም ነው ይለኛል፣ እሱስ እንዴት ነው? መምህር ደግሞ ለባዮሎጂው ምን ላድርግ?

ጅማዊ ከናይሮቢ፦

እህቴ እውነት ነው ለኛ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አያስፈልግም፣ በረራውም ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ይያዝ፣ ይጠየቃል። ብቻዋን የምትመጣ ከሆነ ደግሞ የሁለታችሁም የስምምነት ደብዳቤ የተረጋገጠ ይሁን፣ ቦሌም ሊጠይቋት ይችላሉ።

የምታርፈው ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ከሆነ ግን ለቋንቋው ብለሽ አትላኪያት። እኔም እዚያ ኖሬ ነበር፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም መስጊዱም ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው፣ ሀገሬ ያለሁ ነው የሚመስለው፣ እንግሊዝኛ ሳትናገሪ ዓመት መዋል ይቻላል። መንገድ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ሼንግ ነው የሚያወሩት፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተቀላቀለ፣ እሱም ለባዮሎጂ አይሆንም። የሚጠቅማት ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ የሚማሩ ቤተሰብ ጋር ሆና ኮርስ ብትገባ ነው። ጊዜውንም አስቢበት፣ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ጥር ነው የሚጀምሩት፣ ሐምሌ ላይ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ነሐሴ ላይ ነው እረፍት የሚወጡት፣ ስለዚህ ሐምሌ ብትመጣ የቤቱ ልጆች የቤት ሥራ ሲሰሩ አብራ ትቀመጣለች፣ ነሐሴ ብትመጣ አብራቸው ትጫወታለች። እኔን ብትጠይቂኝ ሐምሌ። ስዋሂሊ ብትለቅም ደግሞ ትርፍ ነው፣ የአፍሪካ ኅብረት ቋንቋ ሆኗል።

መምህር ፈረንጅ አራዳ፦

የትምህርት ቤቱን ስም የሚደብቅን ሰው አባቷ መተዉ ልክ ነው። ልጅቷን ግን ቀረ ብለሽ ብቻ አትተያት፣ ቁጭ ብለሽ አስረጃት፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ንገሪያት፣ 15 ዓመት ልጅ ምክንያቱን ከሰማ ይገባዋል።

ለባዮሎጂው እንዲህ አድርጊ። ምዕራፉን መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳሽ፣ አንቺ ባይገባሽም ስሚያት፣ የ7ኛና 8ኛ መጽሐፏ ካለ ያውጡት፣ ብዙው ርዕስ እዚያ አለ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ገጽ ታንብብ፣ የማታውቀውን ቃል ሁሉ ዲክሽነሪ ላይ አትፈልግ፣ በየገጹ ተደጋግመው የሚመጡትን ብቻ በደብተር ትያዝ፣ የሌላው ትርጉም ሲነበብ እየተገለጠ ይመጣል። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግታ ያነበበችውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ትናገር፣ ቢሰባበርም ይሰባበር። አብራት የምትሰራ ጓደኛ ብታገኝላት ደግሞ ይበልጣል፣ ብቻዋን ከሆነች ትሰለቻለች። እጇን እንድታወጣ የሚያደርጋት ይሄ ጮክ ብላ መናገሯ ነው፣ ሳይዘለል በየቀኑ ይሁን። ናይሮቢውን ደግሞ ለሚቀጥለው ሐምሌ ያዙት፣ 10ኛን ስትጨርስ፣ እስከዚያ ፓስፖርቱና የስሙ ነገር ይስተካከል።