ወንድሜ ከጅቡቲ ያመጣው ነገር አንበር ይሆን?

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ጅቡቲ ሁለት ዓመት የቀን ሥራ ሠርቶ ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ገባ። ከሻንጣው ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? በካልሲ የተጠቀለለ፣ ግማሽ ዳቦ የሚያህል አመድማ ነገር። እዚያው ጅቡቲ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ አንበር ነው (ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ፣ ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉት ውድ ነገር)፣ ቤት ይሠራልናል ይላል። ብንመዝነው 700 ግራም ሆነ። በጥፍር ሲቧጥጡት ይፋቃል፣ ሽታውም ብዙ የለው። ቴሌግራም ላይ ያገኘነው ደላላ ገዥ አለኝ አለና መጀመሪያ ለምርመራ 15 ሺህ ብር ላኩ አለን። እናቴ በጎቿን ልትሸጥ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሰም ነጋዴ፦
ኧረ በጎቹን አትንኩ! ገዥ ብር ይከፍላል እንጂ ይቀበላል እንዴ? መርፌ በእሳት አግላችሁ ውጉት። አንበር ከሆነ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጠቁርና መርፌው ላይ ይጣበቃል። ግን መቅለጡን ብቻ አይታችሁ እልል እንዳትሉ፣ የማር ሰምም እዚያው 62 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። እኔ ሰፈፍ ሳነጥር ነው ያደግሁት፣ ሰም ሲሞቅ ማር ማር ይሸታል። ሻማ ደግሞ እንደ ውሃ ጠርቶ ይወርድና ወዲያው ነጭ ሆኖ ይረጋል።

መምህሩ ከማርቆስ፦
ሰም ነጋዴ ልክ ነው። አንበር የሚፈጠረው ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ አንጀት ውስጥ ነው። ይህ ዓሣ ነባሪ ስኩዊድ የሚባል ብዙ እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ይበላል፣ የስኩዊዱ ምንቃር አይፈጭለትም፣ እና ቁርጥራጩ ተሰብሮ ሲታይ ውስጡ ጥቁር ምንቃር ከተገኘ ትልቅ ምልክት ነው። ትኩሱ ጥቁር ነው፣ እበት እበት ይላል። ባሕር ላይ ዓመታት ሲንከራተት ይነጣል፣ ሽቶ ሠሪዎች የሚሻሙትም እሱን ነው። ወንድምህም ዝም ብሎ አልቃዠም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. 35 የየመን ዓሣ አጥማጆች ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ከሞተ ዓሣ ነባሪ 127 ኪሎ አውጥተው በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠዋል። ብቻ እውነተኛ ቢሆንም አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ሕንድ ንግዱ ክልክል ነው፣ ማንም ላኩልኝ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። (ድሮ ጎጃም ባሶ ገበያ በቀንድ ተሞልቶ ይሸጥ የነበረው ዝባድ ነው፣ እሱ ከጥርኝ ነው፣ እንዳታምታቱት።)

አባይ ማዶ፦
እኔ ጣና ዳር ያገኘሁትስ?

ሰም ነጋዴ፦
ጣና ውስጥ ዓሣ ነባሪ የለም ወንድሜ። ልብስ አጣቢ የጣለችው ሳሙና ነው።

የዘጌ ልጅ፦
ማታ የልብስ መርፌ አግለን ወጋነው። እንደ ውሃ ጠርቶ ሲንጠባጠብ፣ ሳህኑ ላይ ነጭ ሆኖ ሲረጋ አየን። ሻማ ነው። ደላላው ይህን ብነግረው እሺ 10 ሺህ ላኩ አለኝ፣ ዘጋሁት። እናቴ ሳቀች፣ መብራት ሲጠፋ እናበራዋለን አለች። ወንድሜ ግን መልሶ በካልሲው ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስገብቶታል።