«እንደራሴ» ያለ ንጉሥ ይኖራል?

የለገጣፎው፦ ሰላም ቤቶች። የሌለች ደሴት ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ ዙፋኗም ሹማምንቷም ከራሴ የወጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ፦ «ንጉሡ በማዕበል ከጠፋ በኋላ እንደራሴው ደሴቲቱን ገዛ።» ከመገናኛ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለጓደኛዬ ባነብለት፣ «ንጉሥ ከሌለ የምን እንደራሴ?» ብሎ አፋጠጠኝ። እውነቱን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ እውነቱን ነው። «እንደ ራሴ» ብሎ የሚሾመው ንጉሡ ነው። ተናጋሪው ከሞተ «ራሴ» የማን ራስ ሊሆን ነው?

ዘሰንዳፋ፦ ታሪኩም ከዚያው ነው። ተፈሪ በ1909 አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ነበሩ። የኢያሱ እንደራሴ ራስ ተሰማም በ1903 ሲያርፉ ምኒልክ ታመው እንጂ አልሞቱም።

ወለተ ሰዋስው፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ የፓርላማ አባልም «የሕዝብ እንደራሴ» ይባላል። ሕዝብ አፍ አውጥቶ «ራሴ» አለ? በ1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የንጉሠ ነገሥቱ ወኪልም እንደራሴ ነበር፤ ዙፋን የሚጠብቅ ሳይሆን መልእክተኛ። ቃሉ ከሥሩ ከራቀ ቆየ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሥሩን የሚረሳ ቃል የለም፣ የሚረሳ ሰው እንጂ።

ባለ ዋንጫ፦ እኔን የገረመኝ ደግሞ «ደሴት»። ከ«ደስታ» አይመጣም? መርከበኛ ሲያያት ደስ ስለሚለው!

መሪጌታ ዘሱሉልታ፦ ዳዊት ያልደገመ ሥርወ ቃል አይፍተል! «ነገሥተ ተርሴስ ወደሰያት» (የተርሴስና የደሴቶች ነገሥታት) ሲል አልሰማህም? በግዕዝ የ«ደሴት» ብዙ ቁጥር «ደሰያት» ነው፤ «ት» ተቀጥላ ናት። «ተደሰተ» ላይ ግን «ት» ከግንዱ ናት። አይገናኙም።

ባለ ዋንጫ፦ ይቅርታ የኔታ፣ «ደስ አለኝ» ስል የግንዷ «ት» የት ሄደች?

መሪጌታ ዘሱሉልታ፦ አማርኛ በልቷት ነዋ።

ወለተ ሰዋስው፦ የኔታ፣ እንዲህ ከሆነማ አማርኛ ያልበላው ፊደል የለም። «ደስ» ብቻውን ቆሞ ይሄዳል፤ «ት»ን ኋላ ያበቀለው «ደስታ» ቢሆንስ?

መሪጌታ ዘሱሉልታ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ግሥ አውርጂ (አርቢ)፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

የለገጣፎው፦ እሺ አባቶቼ፣ እንደራሴዬስ?

ዘሰንዳፋ፦ እንደ ጥንቱ የባሕር ጠረፍ ገዥ «ባሕረ ነጋሽ» በለውና ተገላገል።

ፊደል ቆጣሪ፦ የባሕረ ነጋሽ መቀመጫ የኤርትራዋ ድባርዋ እኮ ደጋ ናት! ደሴት ላይ ምን ይሠራል?

ዘሰንዳፋ፦ ሊያስገብር ነዋ፤ ሊዋኝ መሰለህ?